ስሙ ሲለወጥ ነገሩ ይለወጣልን?



አንድን ነገር ሐላል ወይም ሐራም የሚያሰኘው ስሙ ነው ወይስ ጠባዩ? ይህ ጥያቄ ለመድረሳ ተማሪዎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ዛሬ ግን በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዑምራ፣ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሻንጣቸውን ሲሸክፉ ይኸው ጥያቄ አብሯቸው ሊጓዝ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የእርሻ ሕግ ‹‹ሄምፕ›› የሚባለውን ተክል ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣው። ሄምፕም ሆነ ሐሺሽ የሚሠራበት ካናቢስ በዘራቸው አንድ ናቸው። ሕጉ የለያያቸው አእምሮን በሚያዞረው ንጥረ ነገር፣ ማለትም በዴልታ 9 ቲ.ኤች.ሲ. መጠን ነው። ይህ መጠን ከደረቁ ተክል ክብደት ከ0.3 በመቶ ካልበለጠ ሄምፕ ይባላል፤ ከበለጠ ደግሞ ማሪዋና ይባላል። ገመድና ጨርቅ የሚሠራበትን፣ ፍሬው የሚበላውን ተክል ለገበሬው መፍቀድ በራሱ ነውር የለበትም። ነጋዴው ግን ሌላ ሒሳብ አሰላ። 0.3 በመቶ በቅጠል ላይ ሲታይ ኢምንት ነው፤ 4 ግራም በሚመዝን ከረሜላ ላይ ሲሰላ ግን 12 ሚሊግራም ይሆናል። ካናቢስን በይፋ በፈቀደችው በኮሎራዶ ግዛት ለአንድ ጊዜ መጠን ተብሎ የተወሰነው 10 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ ‹‹አያሰክርም›› ተብሎ በተፈቀደው ተክል ስም፣ ከሚያሰክረው የበረታ ከረሜላ በነዳጅ ማደያ ሱቆች ሳይቀር መሸጥ ጀመረ።

ስም መለወጥ አዲስ ብልሃት አይደለም። የየመን ሰዎች ከማርና ከገብስ የሚጠምቁት መጠጥ ስለነበራቸው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለዚሁ ተጠይቀው እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እርሳቸውም የመጠጡን ስምም ሆነ የተጠመቀበትን ነገር መለያ አላደረጉም፤ የፍርዱን መሠረት በማስከሩ ላይ አኖሩት። ሐሺሽ በሙስሊሞች አገር በተስፋፋ ጊዜም በስሙ የሚጠቅሰው ቀጥተኛ ማስረጃ የለም ብለው ሊያመቻምቹት የሞከሩ ነበሩ። ኢብኑ ተይሚያ (እ.ኤ.አ. በ1328 ያረፉት) አጥብቀው ተቃወሙት፤ ኢማም አዝ-ዘርከሺም (በ1392 ያረፉት) ስለ ሐሺሽ ክልከላ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፉ። መነሻቸው አእምሮ አላህ ለሰው ልጅ በአደራ የሰጠው ኒዕማ ነው የሚል ነበር። በጠርሙስም ይምጣ በቅጠል፣ በጭስም ይምጣ በከረሜላ፣ አእምሮን የሚሸፍን ሁሉ ዳኝነቱ አንድ ነው።

‹‹የምኖርበት አገር ሕግ ፈቅዶልኛል፤ በአውሮፕላን ማረፊያም ማንም አልጠየቀኝም›› የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የአሜሪካ የበረራ ደኅንነት ፈታሾች ተቀዳሚ ሥራቸው የጦር መሣሪያና ፈንጂ መፈለግ እንጂ ዕፅ ማደን አይደለም። ነገር ግን ለመኖር ከሚበቃ ፈቃድ ባሻገር ለአንድ ሙእሚን ሌላ ጥያቄ ይቀረዋል። የአገር ሕግ የሚከለክለው የጋራ ኑሮን ያውካል ያለውን ነው፤ ያልከለከለውን ሁሉ መልካም ነው አላለም። አልኮልም በብዙ አገር በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ስለዚህ የሚጠጣው ሙስሊም ነጻ ነው የሚል ማንም የለም። ደግሞም ሕግ ተለዋዋጭ ነው። በ2018 የተከፈተውን ይህን በር የአሜሪካ ምክር ቤት በኅዳር 2025 መልሶ ለመዝጋት ወሰነ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሚጸናው በዚሁ ሕግ መሠረት በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ቲ.ኤች.ሲ. ያለበት ለገበያ የቀረበ ምርት ሄምፕ መባሉ ይቀራል። ኅሊናውን በሕጉ ላይ ብቻ የሰቀለ ሰው ሕጉ በተወዛወዘ ቁጥር አብሮ ይወዛወዛል።

አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ይህ ፈቃድ ራሱ ከኋላ ይቀራል። ታዋቂዋ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ብሪትኒ ግራይነር በየካቲት 2022 በሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ የተያዘችው ከአንድ ግራም ያነሰ የካናቢስ ዘይት ይዛ ነው። በአገሯ ሐኪም ፈቅዶላት ነበር፤ በችኮላ ስሸክፍ ነው እንጂ ሕግ ለመጣስ አላሰብኩም ብላለች። ፍርድ ቤቱ ግን 9 ዓመት ፈረደባት፤ በታኅሣሥ ወር በእስረኞች ልውውጥ ባትለቀቅ ኖሮ ምን ይጠብቃት እንደነበር መገመት አያዳግትም። በ2019 ደግሞ ከሕንድ ወደ እስራኤል ስትሄድ በሞስኮ አውሮፕላን ልትቀይር ያረፈች ወጣት በሻንጣዋ 9.5 ግራም ሐሺሽ ስለተገኘ ሰባት ዓመት ተኩል ተፈርዶባት፣ በጥር 2020 በምሕረት ወጥታለች። ‹‹እኔ አላፊ መንገደኛ ነኝ›› ማለት አላዋጣትም። በእኛም አገር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማስገባትንም ሆነ መጠቀምን ይቀጣል። ሐጅና ዑምራ የሚደረግባት ሳዑዲ ዐረቢያማ ዕፅ አዘዋዋሪን እስከ ሞት ትቀጣለች።

ፍርሃት ብቻውን ግን ለሙስሊም በቂ ምክንያት አይደለም። ሳይያዝ ቢያልፍስ? የፊቅህ ሊቃውንት ወደ ሌላ አገር በፈቃድ የሚገባ ሰው ‹‹አማን›› እንደተሰጠው ቃል ኪዳን አድርገው ሲያዩት ኖረዋል። አስተናጋጁ አገር ደኅንነት ሰጠው፤ እርሱም ላለመክዳት ቃል ገባ። ዛሬ ቪዛ የምንለው ከዚህ የራቀ አይደለም። እንግዲህ በጉምሩክ ቅጽ ላይ ‹‹የተከለከለ ዕቃ አልያዝኩም›› ብሎ የፈረመ ሰው ከረሜላውን በኪሱ ይዞ ሲያልፍ ፈታሹን ብቻ አላታለለም፤ ዐህዱን አፍርሷል።

አደራም አለ። ‹‹እባክህ ይህችን ለእናቴ አድርስልኝ›› እየተባለ ጥቅል መቀበል የኖርንበት ደግነት ነው። ይሁን እንጂ የላኪው መልካምነት የጥቅሉን ይዘት አይለውጥም። ከፍቶ ማየት ንቀት አይደለም፤ ላኪም ‹‹ክፈተውና እየው›› ማለት ይገባዋል። የማያውቀውን ሰው ለእስር አጋልጦ የራስን ጉዳይ መፈጸም ግን በደል ነው።

በተለይ ወላጆች ይህን ልብ በሉ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ካናቢስ ያለበት ጣፋጭ በልተው ለመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከላት የተነገረው ቁጥር በ2017 ዓመት 207 የነበረው በ2021 ወደ 3,054 አሻቅቧል። ልጅ ‹‹ሄምፕ›› የሚለውን ጽሑፍ አያነብም፤ ቀለሙንና ጣዕሙን እንጂ።

ሕመም የጠናበትስ? ይህ በንቀት የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ሸሪዓችን የችግርን በር አልዘጋም፤ ብዙ ሊቃውንትም ሌላ መድኃኒት ሲታጣና ታማኝ ሐኪም ሲያዝዝ በችግሩ ልክ ይፈቅዳሉ። የካንሰር ሕክምና የሚያስከትለውን ማስታወክ ለመቀነስ ከቲ.ኤች.ሲ. ዓይነት የተሠራ መድኃኒት በአሜሪካ ከ1985 ጀምሮ ተፈቅዷል። ይህ ግን በሐኪም ማዘዣና በተመጠነ መጠን የሚሰጥ ነው፤ ከሱቅ መደርደሪያ ተነሥቶ ‹‹ለጭንቀቴ ነው›› ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም። በሽተኛውም ቢሆን ከመጓዙ በፊት የሚሄድበትን አገርና የሚያልፍበትን ጣቢያ ሕግ ጠይቆ፣ ካልተፈቀደ ከሐኪሙ ጋር ሌላ መላ መፈለግ አለበት።

ለሌላው ግን መንገዱ አጭር ነው። ስሙን ትቶ ‹‹ይህ ነገር በአእምሮዬ ላይ ምን ያደርጋል?›› ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ካወቀው ከሻንጣው ብቻ ሳይሆን ከቤቱም ያውጣው። ጥርጣሬ ውስጥ የገባውም ቢተወው የሚጎድልበት ነገር የለም።

አላህ አእምሯችንን፣ ልጆቻችንንና መንገዳችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።