ለሚተያዩና ለማይተያዩ

አንድን መጠን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው መመለስ የሒሳብ ሥራ ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ሊትር ማለት ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ የሚይዘው ነው። 1000 ሊትር አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። እዚህ ድረስ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ግን ቁጥር ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ይመጣል፤ የሚለካው ምንድን ነው? የሚሰፍረውስ ማን ነው?

ሒሳቡ በዝናብ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ልክ አንድ ሊትር ነው። እንጅባራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 40 ሜትር ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 1000 ሊትር ይቀበላል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ይህ የሚሰምረው ውሃ ስለማይቆለል ነው። የዕቃው አፍ ላይ ሲደርስ ራሱ ይስተካከላል፤ የተረፈው ይፈስሳል።

እህል ግን ይቆለላል። ዳንግላም ሆነ ሌላ ገበያ ጤፍ በቁና ወይም በጣሳ ሲሰፈር፣ ከአፉ በላይ የወጣው ቁልል የመስፈሪያው አካል ነው። ጣሳው ነቅነቅ ከተደረገ እህሉ ይጠቀጠቃል፤ በዚያ ላይ ምርቃት አለ። ቁናውም ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ቁና ስንት ሊትር እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ቀድሞ የሚመጣው መልስ «የየት ቁና?» የሚል ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ሰው ጋሎንን ያስብ፤ የእንግሊዙ 4.546፣ የአሜሪካው 3.785 ሊትር ነው።

ይዘትን ወደ ክብደት መመለስ ደግሞ ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ማወቅ ይጠይቃል። አንድ ሊትር ውሃ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ከኪሎ ያንሳል፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በማር ሲሞላ 28 ኪሎ ያህል ነው። ማር በሊትር ገዝቶ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ካላወቀ ትርፉንም ኪሳራውንም አያውቅም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ከዲከረንስ ዛፍ የሚያከስለው ከሰልም በጆንያ ይሸጣል። ጆንያው ላይ «50 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር የቀድሞውን ጭነት እንጂ የከሰሉን ክብደት አይናገርም።

ሊትር ራሱ ከዚህ መምታታት አላመለጠም። ከ1901 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የአንድ ኪሎ ውሃ ይዘት ተብሎ ይተረጎም ስለነበር ከሺህ ሴንቲ ሜትር ኩብ በጥቂቱ ይበልጥ ነበር፤ በ1964 ከክብደት ተላቅቆ ወደ ርዝመት ተመለሰ።

ቁና ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሲቆሙ ይበቃል፤ ቁልሉን ሁለቱም ያዩታል፤ ቅር ያለው እዚያው ይከራከራል። ሊትርና ኪሎ የሚያስፈልጉት ለማይተያዩ ሰዎች ነው፤ ከሰሉን አዲስ አበባ ሆኖ ለሚገዛው፣ ማሩን በስልክ ለሚዋዋለው። እንግዲህ መለኪያ የሚለውጥ ሰው ከቁጥሩ ጋር ገበያ ላይ በዓይን ይታይ የነበረውን ሁሉ ቆጥሮ መናገር አለበት፤ ዕቃው የየት እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ተቆልሎ ይሁን ተስተካክሎ መሰፈሩን። ያን ካላለ የለወጠው ቁጥሩን ብቻ ነው።