መጀመሪያ ተራራው፣ ከዚያ ፍል ውሃው

ልጆቼ፣ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታኅሣሥ ሲገባ ኑሮ ሥራና አልጋ ብቻ ትሆናለች። በዚያ ሰሞን የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሆስፒታል ወይም አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ምክሬ አጭር ነው፤ ከብርዱ ወራት አንድ ቀን ቆርጣችሁ ተራራ ውጡ፣ በእግራችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ፍል ውሃ ግቡ። ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጡት። አንዱን ብቻ የምትመርጡ ከሆነም ውሃውን ተዉት።

ይህ የፈረንጅ ቅንጦት የሚመስለው ሰው አዲስ አበባ እንዴት እንደተቆረቆረች ያስታውስ። የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ ነበር፤ ብርዱ ያንገበግባል፣ ማገዶውም ተመናምኖ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውሃ ይወርድ ነበርና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ከተማዋም ከዚያ ተነሣች። ከባሕር ዳር ብዙም የማይርቀው ዋንዛዬም ቢሆን ሰው ተጉዞ፣ ደክሞ የሚደርስበት ፍል ውሃ ነው። አባቶቻችን ውሃውን የሚያውቁት ከመንገድ በኋላ ነው። የሰውነትም ጠባይ ይህንኑ ይደግፋል፤ ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ የደከመ ጡንቻን ያፍታታል። ሳምንቱን መኪና ውስጥ ተቀምጦ የዋለ እግር ግን የሚፈልገው መፍታታት ሳይሆን መሥራት ነው። ታጥቦ ወደ ተራራ የሚወጣ ደግሞ በዛለ እግርና በእርጥብ ፀጉር ከብርድ ጋር ይጋጠማል።

ቦታው ሩቅ አይደለም። አርሊንግተንን የሚያቋርጠው 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ፍሮንት ሮያል ያደርሳችኋል፤ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ በር እዚያ ነው። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሐውክስቢል 1,235 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ የእርሱን እጥፍ ያህል ከፍ ስለምትል፣ ከፍታው ከበደኝ የሚል የአዲስ አበባ ልጅ እናቱ ባትሰማው ይሻላል። ዛፉ ቅጠሉን ስላራገፈ በበጋ የማይታየው ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል። ለውሃው ቅርቡ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው በርክሊ ስፕሪንግስ ነው፤ ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ምንጩ ሲፈልቅ 23 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ለመታጠቢያው ያሞቁታል፤ ከምንጩ ግን ማንም በነጻ ይቀዳልና ጀሪካን ያዙ። እውነተኛውን የሚሻ አራት ሰዓት ያህል ነድቶ ባዝ ካውንቲ፣ ዋርም ስፕሪንግስ ይሂድ። ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1818 የታጠበበት ይህ ስፍራ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2022 መጨረሻ ታድሶ ተከፈተ። ውሃው የሰውነትን ሙቀት ያህላል፤ ከጠጠሩ መካከል አረፋ እየተንቦለቦለ ይወጣል፣ እንፋሎቱም በእንጨት ቤቱ ክፍት ጣሪያ በኩል ወደ ጥር ሰማይ ያመልጣል።

በረዶ ያንሸራትታል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። በረዶ ሲጥል ስካይላይን ድራይቭ ይዘጋል፤ ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ፣ የጥጥ ካልሲ ቤት ተዉ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከተራራው ውረዱ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከተራራው ይልቅ የመልስ ጉዞው ነው። ፍል ውሃ እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ ሹፌሩ ቶሎ ይውጣ፣ ውሃ ይጠጣ፣ መጠጥ አይቅመስ፤ ዋርም ስፕሪንግስ ከሄዳችሁም እዚያው እደሩ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሃይማኖተኛው ደግሞ ይህን ከጸበል ጋር አያምታታው፤ ያ በጸሎት የሚቀርቡት ነው፣ ይህ መታጠቢያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ኦቨርታይም የሚሠራ፣ አገር ቤት ገንዘብ የሚጠብቁት ወገኖች ያሉት ሰው አንድ ቀን ማጣቱ ቀላል አይደለም፤ በየሳምንቱ ሂዱ የሚል መካሪ ቢመጣ እኔም አልሰማውም። የአንድ ቀን ወጪ ግን ለአራት ሰው ሲካፈል ይቀልላል፤ የፓርኩ መግቢያ የሚከፈለው በመኪና ነው፣ ቤንዚኑም የጋራ ነው፣ ምሳውም ከቤት ይቋጠራል። በፈረንጆቹ ጥር ሦስተኛው ሰኞ፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው። በዚያ ቀን ሥራ ያለባችሁ ከአሁኑ ፈረቃ ተቀያየሩ፤ መታጠቢያውም በቀጠሮ ነውና ዛሬውኑ ደውሉ።