ብረቱ ከእጀታው ሲወልቅ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 የአንድ እንጨት ቆራጭ ጉዳይ ተጽፏል። ሰውየው ከባልንጀራው ጋር ወደ ዱር ይወርዳል። ምሳሩን አንሥቶ ዛፉን ሲመታ ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ያገኘዋል፤ ባልንጀራውም ይሞታል። ቀድሞ ጠብ አልነበራቸውም፤ ገዳዩ በልቡ ያሰበው እንጨቱን ብቻ ነው። ሕጉ ይህ ሰው ከመማፀኛ ከተሞች ወደ አንዱ ሸሽቶ ነፍሱን እንዲያተርፍ ይፈቅዳል። ደም መላሹ በንዴት ተከታትሎ እንዳይደርስበትም መንገዱ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ያዝዛል።

ሳይታሰብ ለሚጠፋ ነፍስ ምሳሌ የሆነው ጦርና ሰይፍ ሳይሆን በየቤቱ የሚገኝ ምሳር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ዛሬ በዚያ ምሳር ቦታ የቆመው ብዙዎች ቼይንሶው የሚሉት የሞተር መጋዝ ነው። በግቢው ሁለት ሦስት ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ያደገበት፣ ቅርንጫፉ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ የተጋደመበት አባወራ ሱቅ ገብቶ «ርካሹ የቱ ነው?» ይላል። የጠየቀው ዋጋ ነው። ከዋጋው ሥር ግን የሃይማኖት ሊቃውንትም ፈላስፎችም ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ብረቱ ሲወልቅ ዕዳው የማን ነው?

የአይሁድ ሊቃውንት በዚህች አንዲት የምሳር ታሪክ ላይ ብዙ ደክመዋል። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጠናቀረው፣ ሚሽና በተባለው የሕግ ስብስባቸው፣ ማኮት በሚባለው ክፍል፣ ክርክሩ ሰፍሯል። ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ሰው ከገደለ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ ቆራጩ ወደ መማፀኛ ከተማ አይሰደድም ይላሉ፤ ጠቢባኑ ደግሞ ይሰደዳል ይላሉ። ከሚፈለጠው እንጨት ፈንጥሮ የወጣ ስንጥር ከገደለ ፍርዱ ይገላበጣል፤ እሳቸው ይሰደዳል ሲሉ ጠቢባኑ አይሰደድም ይላሉ። ላይ ላዩን ሲታይ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። የተከራከሩት ግን አንድ ሰው በየትኛው የሥራው ክፍል ተጠያቂ ነው በሚለው ላይ ነው፤ በያዘው መሣሪያ ወይስ በሚመታው ነገር?

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው አይሁዳዊ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ጉዳዩን በሦስት ደረጃ ከፈለው። አንደኛው ማንም ሊገምተው የማይችል ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በዚህ ሰውየው ነጻ ነው። ሁለተኛው ያለ ሐሳብ የተፈጸመ ነው፤ በዚህ ይሰደዳል፣ ከተማይቱም ትሸሽገዋለች። ሦስተኛው ያለ ሐሳብ ቢሆንም ሆን ተብሎ ለሚፈጸም የቀረበ ቸልተኝነት ነው። ሰው ወደሚተላለፍበት መንገድ ግንብ እያፈረሰ አላፊ አግዳሚ የገደለ ሰው ከዚህ ይመደባል፤ አስቀድሞ ማየት ይገባው ነበርና። ይህን ሦስተኛውን ሰው የመማፀኛ ከተማ አታስጥለውም።

እስልምናም ከዚህ ሩቅ አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ አማኝን በስህተት የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ እንዲከፍልና አማኝ ባሪያ ነጻ እንዲያወጣ፣ ያላገኘም ሁለት ተከታታይ ወር እንዲጾም ታዟል። ሐሳቡ ንጹሕ ነበርና ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሂድ አልተባለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግማ ይብሳል። አንቀጽ 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ማሽኑን እንዲነካ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ እንደማይቀርለት ይደነግጋል። ማሽኑን የገዛ ሰው ጣጣውንም አብሮ ገዝቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ቼይንሶው ሰው የሚጎዳባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ በጣም የሚፈራው ግን ሰንሰለቱ የሚዞርበት፣ ባር የሚባለው ረጅም ብረት የጫፉ የላይኛው ሩብ ከእንጨት ወይም ከሌላ ቅርንጫፍ ጋር ሲገጣጠም የሚፈጠረው ነው። በሰከንድ 20 ሜትር ያህል የሚሮጠው ሰንሰለት ሲነክስና መቁረጥ ሲያቅተው ጉልበቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ባሩም ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ወደ ያዘው ሰው ፊትና አንገት ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ዓይቶ፣ አእምሮ አዝዞ፣ ክንድ እስኪንቀሳቀስ ከሚፈጀው ጊዜ ቀድሞ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ፈቃድ የለም፣ ምርጫ የለም፣ ጸሎትም አይደርስም። ታዲያ ፈቃድ የሌለበት ነገር እንዴት የሰው ጥፋት ይባላል?

አርስጣጣሊስ በኒቆማኮስ ሥነ ምግባሩ ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ለዚህ መልስ አለው። የተወረወረ ድንጋይ አይመለስም፤ መወርወር አለመወርወሩ ግን በሰውየው እጅ ነበር ይላል። ስለዚህ የምርጫውን ሰዓት ከአደጋው ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በፊት መፈለግ ያስፈልጋል። በቼይንሶው ረገድ ያ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የስዊድንና የጀርመን አምራቾች የሰንሰለት ፍሬን አወጡ። ከፊት እጀታው ፊት ለፊት የቆመው መከላከያ ማሽኑ ሲስፈነጠር በእጅ አንጓ ተገፍቶ ወይም በራሱ ክብደት ወደፊት ተወርውሮ ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርገዋል። የሰው ፈቃድ የማይደርስበትን ቅጽበት የሚሞላው ይህ ፍሬን ነው። ፍሬኑን ሳይፈትሽ ከፍሎ የወጣ ሰው ማይሞኒደስ በሦስተኛው ረድፍ ካስቀመጣቸው ሰዎች ጋር ተሰልፏል ቢባል ግፍ አይሆንም።

ተቃውሞው ግን ቀላል አይደለም። ሰው የሚገዛው ኪሱ እንደፈቀደ ነው። ስሙ የታወቀ ውድ ማሽን ያልገዛ ሁሉ ቸልተኛ ከተባለ ሥነ ምግባር የባለጠጎች ንብረት ሆኖ ይቀራል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ገበያውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። በርካሽ ከሚሸጡት ማሽኖች ብዙዎቹ 52 ወይም 58 ሲሲ ተብሎ የተጻፈባቸው፣ 20 ወይም 22 ኢንች ባር የተገጠመላቸው ናቸው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የግቢ ዛፍ ከ30 እስከ 40 ሲሲ ሞተርና ከ12 እስከ 14 ኢንች ባር ከበቂ በላይ ነው። ገዢው በዚያው ገንዘብ የማይጠቀምበትን ጉልበትና የማይፈልገውን ርዝመት ይሸከማል። ያ ርዝመት ደግሞ ጫፉን ከዓይኑ ያርቅበታል፤ ሳያየው ሌላ ቅርንጫፍ የሚነካው ያ ጫፍ ነው። ርካሹን ማሽን ርካሽ ያደረገው የጉልበት ማነስ ስላልሆነ ቁጠባው የት እንደተደረገ መጠየቅ ይገባል፤ ፍሬኑ ላይ፣ የንዝረት መቀነሻው ላይ፣ የዘይት ፓምፑ ላይ፣ ወይስ ነገ በማይገኘው መለዋወጫ ላይ?

ድሃ ሰው ያለ ሐፍረት ሊቆጥብ የሚችለው ጉልበት ላይ ነው። ክንድ ለምታክል ቅርንጫፍ የእጅ መጋዝ ይበቃል፤ ቤንዚንም ካንዴላም አይጠይቅም። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራውም ለአጥር ግቢ ሥራ ይሆናል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል፤ ድምፁ ዝግ ስላለ ብቻ ግን የዋህ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ የእሱም ባር ይስፈነጠራል።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለማምለጥ የሚመርጠው ሌላ መንገድ አለ፦ የቀን ሠራተኛ መጥራት። ማሽኑን ከዘመድ ተውሶ ለአንድ ጎልማሳ ይሰጠዋል፤ ጎልማሳውም በሸበጥ ጫማ፣ ያለ መነጽር፣ ያለ ጆሮ መከላከያ ዛፍ ላይ ይወጣል። የማሽኑ ጩኸት ለያዘው ሰው ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፤ በሥራ ቦታ ለረጅም ሰዓት ሲሰማ ጆሮ ይጎዳል የሚባለው ከ85 ጀምሮ ነው። ባለቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ያያል። እዚህ ላይ ርካሽ የሆነው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ የሰውም አካል ረክሷል። ሰውየው ወድዶ ገብቶበታል የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። የዕለት እንጀራውን ፍለጋ የወጣ ሰው እሺታ ከጠገበ ሰው እሺታ ጋር እኩል አይመዘንም።

ስለ ውሰት ከተነሣ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 ደስ የሚል ታሪክ አለው። የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ ምሳር ብረት ውኃ ውስጥ ገባ። ሰውየው መጀመሪያ የጮኸው ለሥራው መስተጓጎል አልነበረም፤ ብረቱ የተዋሰው ስለነበረ ነው። ኤልሳዕም እንጨት ቆርጦ ጣለ፤ ብረቱ ተንሳፈፈ። በኦሪት ዘዳግም የወለቀው ብረት ሰው ገደለ፤ እዚህ የወለቀው ውኃ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። የሁለቱ ቆራጮች ጥንቃቄ ምናልባት እኩል ነበር፤ ልዩነቱ ሌላው ሰው የቆመበት ቦታ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1976 እ.ኤ.አ. የሥነ ምግባር ዕድል ብሎ ያነሣው ነገር ይህንኑ ይመስላል። ያለ ጥፋቱ ሕፃን የገጨ የጭነት መኪና ነጂ ከተመልካቾች ሁሉ የተለየ ጸጸት ይሰማዋል፤ ካልተሰማው ደግሞ እንታዘበዋለን።

ባልንጀራው የሚቆምበትን ቦታ ግን ለዕድል መተው አያስፈልግም። በዛፍ ቆረጣ ሥልጠና የሚሰጠው የተለመደ ልክ ከሚወድቀው ዛፍ ቁመት ቢያንስ እጥፍ መራቅ ነው። 6 ሜትር ለሆነ ዛፍ በዙሪያው 12 ሜትር ሰው የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ግቢ 12 ሜትር ባዶ ቦታ አለው? የሌለው ሰው ምንም ዓይነት ማሽን ቢገዛ ዛፉን ከሥሩ ቆርጦ መጣል የለበትም፤ ከላይ ጀምሮ በቁርጥራጭ የሚያወርድ ልምድ ያለው ባለሙያ ይጥራ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ የነካ ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ለመብራት አገልግሎት ያሳውቅ።

ይህን ሁሉ መዝኖ መግዛት ግድ የሆነበት ሰው ከ40 ሲሲ የማይበልጥ፣ ባሩ ከ14 ኢንች የማይረዝም፣ ሰንሰለቱና ሞረዱ በቅርብ ሱቅ የሚገኝ ማሽን ይምረጥ። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሞተሩ እንደጠፋ መከላከያውን ወደፊት ይግፋና በጓንት ሰንሰለቱን ለመሳብ ይሞክር፤ ከተንቀሳቀሰ ማሽኑን ለባለሱቁ ይመልስለት። ከዋጋው ላይ የተረፈችውን ብር ለመነጽር፣ ለጆሮ መከላከያና ለጠንካራ ቆዳ ጫማ ያውላት። ሥራውን ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነም እነዚሁኑ ከማሽኑ ጋር አብሮ ያስረክብ።