ሕፃኑ ባለጌ ነው ወይስ እንቅልፍ አጥቶ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከደብራችን ወጥተው በጅዳ በሥራ ላይ ያሉ እኅቶቻችን በድምፅ መልእክት ብዙ ነገር ይጠይቁናል። እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ይነክሳል፣ ይማታል፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። አብረውኝ የሚኖሩት ባለጌ ስለሆነ ግረፊው ይሉኛል፤ ክፉ መንፈስ ነው የሚሉም አሉ። ምን ላድርግ?»

መልሱ ለጠያቂዋ ብቻ የሚበቃ ስላልመሰለን ለሁላችን እንዲሆን ጻፍነው።

አንድን ሥራ በደል የሚያሰኘው ሠሪው አውቆና ፈቅዶ ሲያደርገው ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ክፉና ደጉን መለየቱ ይቅርና «ደከመኝ» ብሎ መናገር እንኳ ገና አልቻለም። መናገር ያቃተው ድካም በጥርሱና በእጁ ይወጣል። እኛ ትልልቆቹ አንድ ሌሊት ሳንተኛ ብናድር በማግስቱ ሰው መቆጣታችንን እናውቃለን፤ ይቅርታም እንጠይቅበታለን። ሕፃኑ ግን በዚያው ድካም በትር ይቀበላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ መውረድ ሲገባው፣ ጭንቀት ሲደጋገም ይህ ሥርዓት ሊዛባ ይችላል። እንቅልፍ ያመለጠው ሕፃን ብዙ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው አይፈዝም፤ ይቅበጠበጣል፣ ይጮኻል፣ ይማታል። በድኻ ቤተሰብ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም አጭርና ሰዓቱ የተዛባ እንቅልፍ ከቁጣና ከእልኸኝነት ጋር አብሮ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ድኽነቱ የልጁን ጠባይ አላበላሸውም፤ የሚተኛበትን ጸጥታና ጨለማ ግን ነሥቶታል።

በጅዳ ይህ እንዴት እንደሚሆን ኗሪዎቹ ያውቁታል። ከተማዋ በሙቀቷ ምክንያት ሌሊት የምትነቃ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ጉሌልና ፔትሮሚን ያሉ ድኻ የሚኖርባቸው ሰፈሮች ሲፈርሱ ርካሽ ቤት ማግኘት ከበደ። በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ያድራል፤ አንዷ ከሥራ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፤ ስልኩ ይጮኻል፤ መብራቱ አይጠፋም። ኢቃማ የሌላት እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። በ2006 ዓ.ም. ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ዓረቢያ የተመለሱበት ጊዜ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። እናት ስትደነግጥ ያቀፈችው ልጅም ይደነግጣል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሥራ የምትመለስ እናትም ልጇን ነቅቶ ታገኘዋለች፤ እርሷን የሚያገኛት በዚያ ሰዓት ብቻ ነውና።

ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በመካም እንዲሁ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ወደዚያች ከተማ አንገባም፤ ነገር ግን በሐጅ ወራት ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ሙስሊም እኅቶቻችንን ጭንቀት እንሰማለን። የሕፃን ድካም ሃይማኖት አይለይም፤ የእኛም ርኅራኄ መለየት አይገባውም።

ነቢዩ ኤልያስን እናስብ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኛ፤ ሞትንም ለመነ። እግዚአብሔር በመጀመሪያ አልገሠጸውም። መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ እንደገና ተኛ፤ ዳግመኛም ቀሰቀሰውና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ካረፈና ከበላ፣ አርባ ቀንም ከተጓዘ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19)። አምላክ ለታላቁ ነቢይ ከጥያቄ በፊት ዕረፍት ከሰጠ፣ እኛ ለሕፃን ከዕረፍት በፊት በትር የምናነሣው በማን ሥርዓት ነው?

በወርኃ ጽጌ የምናስበው ስደትም ይህንኑ ያስተምረናል። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ የወጣው በሌሊት ነው (ማቴ. 2፥14)። ጌታችን ራሱ በሄሮድስ ምክንያት እንቅልፉን ያጣ ስደተኛ ሕፃን ነበር። በተጨናነቀች ክፍል የሚያለቅሰውን የስደተኛ ልጅ ስንሰማ ይህን አንርሳ።

እንግዲህ ዕዳው የማን ነው? የእናቲቱ ብቻ አይደለም። እርሷ በምታገኘው ትንሽ ጊዜ የምትችለውን ታድርግ፦ በየቀኑ ተመሳሳይ የመኝታ ሰዓት ትሞክር፤ ከመኝታ በፊት ስልክ አታስይዘው፤ ገላውን ታጥበው፣ በቀስታ ጸሎት ታድርስለት፣ አቅፋ ታስተኛው። መልካም ጠባይንም ታስተምረው፤ ይህ ግን ካረፈ በኋላ በትዕግሥት የሚሆን ነው። ጠበል ብታገኝ ታጥምቀው፤ ጠበል ግን የእንቅልፍ ምትክ አይደለም። በእንቅልፉ የሚያንኮራፋ ወይም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ሐኪም ይየው።

የቀረው ዕዳ በዚያች ክፍል የምናድር የሌሎቻችን ነው። ጾም ከምግብ ብቻ እንዳልሆነ ተምረናል፤ አንደበትም ጆሮም ይጾማሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልካችንን ደጅ ወጥተን ብናወራ፣ መብራቱን በመጋረጃ ብንከልል፣ ቡናውን ቀን ብናፈላ፣ በዕረፍት ቀናችን ልጁን ይዘን እናቱን ብናሳርፋት፣ ይህ ገንዘብ የሌለው ሰው ሊሰጠው የሚችል ምጽዋት ነው። «ግረፊው» ማለት ቀላል ነው፤ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ግን ከራሳችን የሚቀነስ ነገር አለው።

እኅታችን፣ ልጅሽ ክፉ አይደለም፤ አንቺም ክፉ እናት አይደለሽም። ሁለታችሁም ደክማችኋል። አብረውሽ የሚኖሩት ይህን መልእክት እንዲሰሙት አድርጊ፤ ዛሬ ማታም መብራቱን ቀድሞ የሚያጠፋ እግዚአብሔር ያስነሣልሽ።

አምላከ ኤልያስ ለስደተኞች ልጆች ሁሉ ሰላማዊ እንቅልፍ ይስጥልን፤ የእመቤታችን ጥበቃ አይለያቸው። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።