መንፈግም ልክ አለው

ለመሆኑ መንፈግ ሁልጊዜ ክፋት ነውን? ሰውነታችን «አይደለም» የሚል ይመስለኛል። ብረት እኛም እንሻለን፤ በሽታ አምጪ ባክቴሪያም ይሻል። ስለዚህ ተውሳክ ሲገባብን ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጭና ብረት ከአንጀትና ከማከማቻው ወደ ደም እንዳይወጣ በሩን ይዘጋል። ባክቴሪያውም እጁን አጣጥፎ አይሞትም። ኢ-ኮላይን እንውሰድ፤ ብረት ሲጠግብ «ፈር» የተባለ ፕሮቲን የብረት ማደኛ ጂኖቹን አፍኖ ይይዛል። ብረት ሲያጣ ግን ይለቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ከደማችን ፕሮቲን ብረት የሚነጥቅ ኬሚካል ይረጫል። ብረት ሲመለስ ጂኖቹ ይዘጋሉ፤ ሕመሙ ሲያልፍ ጉበትም በሩን ይከፍታል። ሁለቱም ልክ ያውቃሉ።

ሰው በሰው ላይ የሚዘጋው በርስ? ከአርባ ምንጭ ሽቅብ፣ በጋሞ ደጋ፣ ለገበሬው መቆፈሪያውን የሚቀጠቅጡለት አንጥረኞች «ደጋላ» እየተባሉ ከመሬትም ከጋብቻም ተገልለው ለትውልዶች ኖረዋል። በመሃል አገርም አንጥረኛውን «ቡዳ» ስንል ኖረናል። ሰውነት የሚነፍገው ወራሪን ነው፤ ያውም እስኪድን። እኛ የነፈግነው ብረቱን የሰጠንን ሰው ነው፤ ማብቂያም አላበጀንለትም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የመሬቱን በር ከፈተ። የጋብቻውን በር የሚከፍት አዋጅ ግን የለም፤ እሱን የምንከፍተው እኛው ነን፣ ልጃችንን ሊያገባ ሽማግሌ የላከው የአንጥረኛ ልጅ የሆነ ዕለት።