አትርገሙት



በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐብደላህ የሚባል ሰው ነበር። ሰዎች «ሒማር» ይሉታል፤ አህያ ማለት ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያስቃቸው ነበር። ችግሩ መጠጥ ነው። ጠጥቶ ተገርፏል፤ ደግሞ ጠጥቶ ቀረበ፤ ደግሞ ተገረፈ። ከቆሙት አንዱ፣ ስንቴ ነው የሚመጣው ብሎ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይረግመው ከለከሉት፤ ያ ጠጪ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም በአላህ ምለው መሰከሩለት። ሐዲሱ ቡኻሪ ውስጥ ነው።

ልብ በሉ፣ ግርፋቱ አልቀረለትም። ኸምር ሐራም ነው፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። ቅጣቱ ካለቀ በኋላ ግን ሕዝቡ የራሱን ሁለተኛ ቅጣት እንዲጨምር አልተፈቀደለትም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሌላ ሐዲስ፣ ተመትቶ የሚሄደውን ጠጪ አላህ እንዲያዋርደው የጮኹበትን ሰዎች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቁመዋቸዋል፤ ይህ ሸይጣንን በእሱ ላይ ማገዝ ነውና።

«ጠጪ የተረገመበት ሐዲስ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ዑለማዎች መልሰውታል፦ ድርጊቱን በጥቅሉ መርገም ሌላ፣ እገሌ ብሎ ስም ጠርቶ መርገም ሌላ።

በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን መጠጥ ሲበዛ ሶሓቦችን አማከሩ፤ በዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ሐሳብ 40 የነበረው ግርፋት 80 ሆነ። ቅጣት ማጥበቅ የመሪና የዳኛ ሥራ ነው፤ ቡና ላይ የሚወሰን አይደለም።

በእኛም አገር ዳኛ አለ። አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወርም መጠቀምም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ 188/1992 የሚያዩት ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍን የመሰለ ጉዳይ ነው። ቅጣቱ በእኛ እጅ አይደለም። በእጃችን ያለው ምላሳችን ነው፤ እሱንስ እንዴት ይዘነዋል?

እንደ አምበር ወይም ቢቸና ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ፣ ልጁ ከጣቢያ ሳይወጣ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። ሲመለስ ስሙ «ጀዝባው» ሆኗል። እናቱ ለቅሶ ቤት መሄድ ታፍራለች። መስጂድ ሲገባ ዓይን ይከተለዋል። በርጫው ላይ ግን «ና ወንድሜ» ይሉታል። የት ይሂድ ታዲያ?

የሌላ ሰው ጉዳይም አይምሰለን። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ የተናገሩት ከወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ ናቸው። የቃመ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም፤ ጫት ራሱም አያሳስርም። ነገሩ ግን ለማናችንም ቤት ሩቅ አይደለም።

ከሰፈራችሁ ታስሮ የተፈታ ልጅ ካለ፣ ለሚቀጥለው ጁሙዓ ቤቱ ሂዱና አብራችሁ ኑ። ሶፍ ላይ ትከሻው ከትከሻችሁ ይግጠም። ስለ እስሩ አትጠይቁት፤ ራሱ ሲያነሳው ስሙት። ሕክምና ከፈለገም ጤና ጣቢያ ድረስ አብራችሁት ሂዱ፤ ብቻውን ከሆነ ከበር ሊመለስ ይችላል።