የጎጃም አፈር በካርቱም

አንድ የጎጃም ገበሬ ነበር። ማሳው ወደ ዓባይ ከሚወርድ ወንዝ አፋፍ ላይ ያረፈ፣ ቀይ፣ ጤፍ ቢዘሩበት የማያሳፍር መሬት ነበር። አባቱ በእርከን አቆየለት፤ እሱም በየበጋው ድንጋይ እየደረደረ ጠበቀው። አንድ ክረምት ግን ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና በነሐሴ አጋማሽ፣ በሌሊት፣ እርከኑ ተደረመሰ። ጠዋት ሲወጣ ማሳው የለም። የቀረው ነጭ ድንጋይና አንድ ጥልቅ ቦረቦር ነው።

ጎረቤት ተሰብስቦ አጽናናው። «እግዜር ይተካል» አሉት። እሱ ግን ከቦረቦሩ ጠርዝ ተቀምጦ ጎርፉ የሄደበትን አቅጣጫ ያያል። በሦስተኛው ቀን፣ «አፈሬ ጠፋ አትበሉኝ። አፈር አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ አርፏል። ሄጄ አየዋለሁ» አለ። ሐዘን አዞረው ተባለ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል አልሰማህም? ግንዱን ያላሳረፈ ወንዝ አፈርህን የት ያሳርፍልሃል?» ቢሉት፣ «እሱንም ሄጄ ልየው አባቴ» ብሎ በሶውን ቋጠረ።

ከነጋዴዎች ጋር ተቀላቅሎ መተማ ወረደ፤ ከመተማ ገላባት ተሻገረ፤ ከገላባት ገዳሪፍ ደረሰ። በየደረሰበት እየሠራ፣ በየሠራበት እየበላ፣ ወባም ጥሎት እየተነሣ፣ ካርቱም ሲገባ ውሃው ከዳርቻው ሸሽቶ ነበር። ወንዙ ባፈገፈገበት ሜዳ ላይ ሰዎች ደለል ሲቆፍሩ አየ። ጠጋ ብሎ አንድ እፍኝ አነሣና አሸተተው። የመጀመሪያው ዝናብ የመታው ማሳ ሽታ ነው።

«ይኼ አፈር የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጀላቢያውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቀም።

«ሐበሻ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ከላይ ነው የመጣኸው?»

«ከላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። አፈርህ በየዓመቱ ቀድሞህ ይመጣል።»

«አባቴ፣ አፈሬን ይመልሱልኝ።»

«ውሰድ፤ ማን ከለከለህ? ግን ከዚህ ክምር ያንተ የትኛው ነው? የጎረቤትህስ? ወንዙ ሲያመጣው ስም አልጻፈበትም።»

ገበሬው እፍኙን እንደጨበጠ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። ሽማግሌው ውሃ ሰጠው፤ ሲመሽም ማደሪያ ሰጠው።

በማግስቱ ሥራ ገባ። ደለሉን ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ውሃ አፍስሰው፣ የከብት እበት ጨምረው በእግር ይረግጡታል። ጭቃ ማቡካት ለሱ አዲስ አይደለም፤ በአገሩ ጭድ እየነሰነሰ ስንት ቤት የመረገ ሰው ነው። ጭቃው ሲላቁጥ ጊዜ፣ «በሉ እንጀምር» አለ።

«ይደር» አለ ሽማግሌው።

«ማደሩ ምን ያደርግለታል?»

«ትናንት ወንዝ ነበር። ዛሬ ጭቃ ሆነ። ጡብ ሁን ከማለትህ በፊት አንድ ሌሊት ይተኛ።»

ሲነጋ ሽማግሌው ሳጥኑን አወጣ። ወለልም ክዳንም የሌለው፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ከአባቱ የወረሰው የእንጨት መቅረጫ ነው። ውስጡን አመድ ነሰነሰበት፤ ጭቃውን በሁለት እጁ አድበልብሎ ከላይ በኃይል ጣለው፤ ማዕዘኖቹ ሁሉ ሞሉ። ላዩን በእንጨት ላጠና ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ አነሣው። መሬት ላይ አራት ማዕዘኑ የተስተካከለ ጡብ ቀረ። ገበሬው ግን ቸኩሎ ነበር፤ ሳጥን ሳይጠብቅ ጭቃውን በእጁ እያድበለበለ ደርድሮ ጨረሰ። ሁሉም ኩበት መስለው ተጋደሙ።

«ይኼን ምኑን ከምኑ ታጋጥመዋለህ?» አለ ሽማግሌው። «ሳጥኑ የተሠራው ወንዙ ሳይሞላ ነው። ጎርፍ ካለፈ በኋላ አናጺ ፍለጋ የሚሄድ ሰው፣ ሲመለስ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀዋል።»

ስለዚህ ሳጥን መያዝ ተማረ። ጡቦቹ በፀሐይ ደረቁ፤ እየተገላበጡ፣ በጎናቸው እየቆሙ። ከዚያ ከሥራቸው የእሳት መተላለፊያ ተትቶ እንደ ጎተራ ተቆለሉ፤ ውጫቸው በጭቃ ተመረገ፤ ግንድ እየገባ ቀንና ሌሊት ነደደ። ምድጃው ቀዝቅዞ ሲፈርስ ገበሬው አንድ በአንድ እያነሣ አየ። ከዳር የነበሩት ገርጥተዋል፤ በጥፍር ሲፍቋቸው ይቦናሉ። እሳቱ አፍ ላይ የነበሩት ጠቁረው፣ ቀልጠው፣ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። የቀሩት ቀይ ናቸው፤ አንዱን ባንዱ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል።

«አፈራቸው አንድ፣ ሳጥናቸው አንድ፤ እነዚህ ምን አጠፉ?» አለ የቀለጡትን እያሳየ።

«ምንም አላጠፉም። የዋሉበት ቦታ ነው።»

ገበሬው ቀዩን ጡብ በእጁ እያገላበጠ ብዙ አሰበ። «እንግዲያው ጎርፉ ደግ ሠርቷል ማለት ነው?» አለ።

ሽማግሌው የያዘውን አስቀመጠ። «ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳትናገር። ይህ ወንዝ ሁለት ልጆች ወስዶብኛል፤ አንደኛውን ቀበርኩት፣ ሌላውን አላገኘሁትም። እኔ ጎርፍ አላመሰግንም። ሲሸሽ ሳጥኔን ይዤ እወርዳለሁ፣ ይኸው ነው።»

ገበሬው ክረምቱ ሳይገባ ወደ አገሩ ተነሣ። ጡብ ተሸክሞ አልሄደም። ሳይተኮስ በፊት አውራ ጣቱን ያሳረፈበት አንድ ጡብ ግን ካርቱም ውስጥ፣ ከማያውቀው ሰው ግድግዳ ላይ ቀረ።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ባሰብኩ ቁጥር ይህ ገበሬ ይመጣብኛል። ዮፍታሔ የጎጃም ሰው ነው፤ የደብረ ኤልያስ ልጅ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን በወረረ ጊዜ ተሰድዶ ሱዳን ገባ፤ የስደት ዘመኑንም እዚያው ገፋ። ካርቱም ላይ ዓባይና ነጭ ዓባይ ሲገናኙ ሁለቱ ውሃ ወዲያው አይዋሃድም፤ ክረምት ላይ የዓባይ ወገን ደፍርሶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ከሌላው ጎን ለጎን ይሄዳል። የሚያደፈርሰው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበው አፈር ነው። የካርቱም ጡብ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ጡብ ያወጡት ከዚሁ ደለል ነው። አንድ የጎጃም ባለቅኔ ከዚያ ዳርቻ ቆሞ ምን እንዳሰበ አልጻፈልንም። አፈሩ ግን ከእግሩ ሥር ነበር።

ስለ ዮፍታሔ ሲነሣ፣ መከራ ደራሲ አደረገው የሚል ንግግር በየአፉ ይሰማል። አልቀበለውም። በእነዚያ ዓመታት ሱዳን የገባው ስደተኛ ብዙ ነው፤ ቤቱ የነደደበት፣ ልጁ የሞተበት፣ ርስቱን የተነጠቀ። ጎርፉ የሁሉንም ማሳ ነው የወሰደው። ዮፍታሔን የለየው ሳጥኑ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ወንዙ ሳይሞላ ተሠርቶ ነበር።

ያ ሳጥን ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ እየበላ፣ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱ ዛሬ አይደገምም። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ጠባብ ሳጥን ናት፤ ሰሙ ባንድ በኩል ወርቁ በሌላው ካልሞላ ማዕዘኗ ጎድሎ ትወጣለች፤ መምህሩም ያፈርሳታል። እንዲህ እየፈረሰበት ያደገ ሰው፣ የአገር መፍረስ ሲመጣበት ሐዘኑን የሚጥልበት ነገር በእጁ አለ።

ደግሞ ሳጥኑን ቀድሞ በደስታ ጊዜም ሠርቶበታል። አዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተውኔትና መዝሙር ይደርስ ነበር። ከ1923 ዓ.ም. ንግሥ ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እስኪወርድ የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ቃሉ የሱ ነው፤ ዜማው የአርመናዊው የኬቮርክ ናልባንዲያን። አገሩን ደስ ይበልሽ ያላት ሰው ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ያው ቃል ያለ አገር ቀረበት። ይህ ጉዳት በማንም ስደተኛ ጉዳት ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የገዛ ደስታው ቃል ነው የቆሰለበት።

በወረራው ዘመን ላይ የቆመው ተውኔቱ «አፋጀሺኝ» ይባላል። ስሙን ብቻ ልብ ብላችሁ ስሙት። ሲሰሙት አንዲት ሴት የምትወቀስበት ቃል ነው፤ የፍቅር እሮሮ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ፈጀ አለ፣ ተፋጀ አለ፤ እሳት አለበት፣ ወንድም ከወንድሙ መተራረዱም አለበት። «አንቺ» የተባለችው ደግሞ አገር ናት። አምስት ዓመት ሙሉ አገርን ያንገበገበ ነገር በአምስት ፊደል ገባ፤ ማዕዘኑም አልጎደለም። ከዚያ በፊት በ1910ዎቹ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «የአውሬዎች ኮመድያ» አራዊትን እያናገረ ሹማምንቱን በመተቸቱ ታግዷል። በአማርኛ መድረክ ላይ ሰም ያስፈለገው ለጌጥ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ዮፍታሔ ግን ከመሸሸጊያነት አልፎ ሐዘን መሸከሚያ አደረገው፤ እኔ ከሁሉ የማከብርለት ይህንን ነው።

ካርቱም ራሷ ያን ጊዜ የቃል ከተማ ሆና ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ እዚያ ደርሰው ጥር 1933 ዓ.ም. ድንበር እስኪሻገሩ ድረስ፣ አዋጃቸው በአማርኛ እየታተመ በአውሮፕላን ጎጃም ላይ ይበተን ነበር። «ባንዲራችን» የተባለውም ጋዜጣ ከዚያው ወጣ። ወንዙ አፈር ይዞ ሲወርድ ወረቀቱ በሰማይ ሽቅብ ይወጣል፤ አርበኛው በደጋው ላይ ሆኖ ያነብበዋል።

ጎርፉን ግን አላመሰግንም። ዮፍታሔ ከነጻነት በኋላ አገሩ ገብቶ ብዙም አልኖረም፤ በ1939 ዓ.ም. በድንገት ሞተ፤ የሞቱም ነገር እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ የሕይወቱንና የሥራውን ታሪክ ለመሰብሰብ ብዙ ደክሟል፤ እሱም መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ሳያየው አለፈ። በአምስቱ ዓመት ስደት ፈንታ ዮፍታሔ ከተማሪዎቹ ጋር በሰላም ቢቀመጥ ምን ይጽፍ እንደነበር ሳስብ፣ ያ ባዶ መደርደሪያ ከ«አፋጀሺኝ» ጎን ይታየኛል። ከዳር ገርጥተው የቀሩትም፣ ከእሳቱ አፍ የቀለጡትም ይታዩኛል፤ ሳጥን እያላቸው የዋሉበት ቦታ የጎዳቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሰዉ ያ ገበሬ በተሻገረበት በዚያው ድንበር፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በገላባት አድርጎ መተማ ገባ። የካርቱም መምህር፣ የኦምዱርማን ተዋናይ፣ የዓባይ ዳር ጡብ ሠሪ፣ ሁሉም በእኛ ደጃፍ ድንኳን ውስጥ አደረ። ታሪካቸውን የሚጽፍ፣ ፎቶ የሚያነሣ ቶሎ ደረሰላቸው። እኔ ያ ሽማግሌ መጥቶ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ለገበሬው እንዳደረገው መጀመሪያ ውሃ የሚሰጥ፣ ቀጥሎ ማደሪያ የሚያሳይ፣ እስኪነጋም ምንም የማይጠይቅ።